ባጃጅ ከኋላ ሲጠጋኝ አንገቴን የሚወረኝ ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ደሴ ፒያሳ መንገድ ዳር ስሄድ ባጃጅ ከኋላ ሲጠጋኝ፣ ሳላየውና ሳይነካኝ ድምፁ ብቻ አንገቴን ውርር ያደርገኛል። ራቅ ብሎ ሲያልፍ ግን ምንም። ጆሮና ቆዳን ምን አገናኛቸው?

መልስ 1፦ አንጎል ነዋ! ለሰውነታችን ቅርብ የሆነውን ቦታ ለብቻው ነው የሚከታተለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአንጎል ተመራማሪዎቹ እነ ግራዚያኖ ጦጣ ላይ እንዳሳዩት፣ ፊት ሲነካ የሚነቁ አንዳንድ የአንጎል ሴሎች ከጭንቅላት አጠገብ፣ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ውስጥ ለሚሰማ ድምፅም ይነቃሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሳይመታህ ዘወር ትላለህ።

መልስ 2፦ ሰው ላይም ተሞክሯል። ድምፅ ወደ እጅ እየቀረበ ሲመጣ እጅ ላይ ለሚደረግ ንክኪ ቶሎ ምላሽ እንሰጣለን። እኔን በጣም የገረመኝ ግን የዓይነ ስውራን ነገር ነው፤ በትራቸውን ሲይዙ ያ ቅርብ ቦታ እስከ በትሩ ጫፍ ይሰፋል።

ጠያቂ፦ ኮምቦልቻ ያሉት አጎቴ በትር ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ዛሬውኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ተባረኩ!