ስዊድን ደመወዝን ለሁለት ትካፈላለች የሚሉት እውነት ነው?

ከጎንደር፣ ማራኪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ስቶክሆልም ናት፤ ቪዛው ከደረሰ ከመስቀል በኋላ እሄዳለሁ። አራዳ ገበያ ያሉ ወዳጆቼ «ግማሽ ደመወዝህን መንግሥት ይበላዋል» እያሉ ያሳቅቁኛል። እኔም ባለ ሱቅ ነኝ፣ የቁርጥ ግብር ስከፍል የኖርኩ። እንዲህ እየቆረጠ እንዴት ሀብታም አገር ይሆናል?

ከስቶክሆልም፦
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የአዘዞ ልጅ ነኝ። ለጥምቀት መጥቼ ፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ አጎቴም የጠየቀኝ ይኸንኑ ነው። ስነግረው ሳቀና «እኛ ጋ ግብር ይከፈልም ይበላም ነበር፤ ዐፄ በካፋ ያን ሁሉ አዳራሽ ያሠራው ለምን ይመስልሃል? አሁን የቀረን መክፈሉ ነው» አለኝ።

ሒሳቡ ይኸው። በወር በ30,000 ክሮኖር (የስዊድን ገንዘብ ነው) ብትቀጠር እጅህ የሚገባው ወደ 24,000 ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ግብር በአማካይ 32 በመቶ ቢሆንም ለሠራተኛ ቅናሽ አለ። አሠሪህ ግን በደመወዝህ ላይ 31.42 በመቶ፣ ማለትም 9,426 ክሮኖር፣ ለብቻው ይከፍላል። ሲደመር አንተን ለመቅጠር ከወጣው 39 በመቶ ገደማ ወደ መንግሥት ሄደ ማለት ነው። ዕቃ ስትገዛ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በአብዛኛው 25 በመቶ ነው፤ የኛው 15። ወዳጆችህ ብዙም አልዋሹህም።

አገሩስ እንዴት ቆመ? ተንገዳግዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 አንዲት የታወቀች የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ከተጨማሪ ገቢዋ ላይ 102 በመቶ ተጠየቀች! በዚያው ዓመት 44 ዓመት የገዛው ፓርቲ በምርጫ ወረደ። ዕድገቱ ከእኩዮቹ ኋላ ቀረ፣ በ90ዎቹ መጀመሪያ ባንኮቹ ተናጉ። በዚያው ሰሞን ነው ነገሩን መገልበጥ የጀመሩት፦ በ1991 የገቢ ግብሩን ጣሪያ ዝቅ አደረጉ፣ በ2004 የውርስ ግብርን፣ በ2007 የሀብት ግብርን አስቀሩ። ዛሬ የኩባንያ ትርፍ ግብራቸው 20.6 በመቶ ነው፤ የአሜሪካው የፌዴራል 21። ሸክሙ ያለው ደመወዝና ሸመታ ላይ ነው፣ የሚሸሸውን ካፒታል ብዙ አይነኩትም። ለባለ ጸጋው አብዝተው አዝነዋል እላለሁ፣ ግን ፋብሪካው አልተሰደደም።

ዋናው ግን የሚወጣበት ነው። ከ2002 ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ለአንድ ልጅ ከቤተሰቡ ገቢ ቢበዛ 3 በመቶ ነው። ልጃችን ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው ባለቤቴ አውቶቡስ መንዳቷን ቀጠለች። ከእሷም ደመወዝ ይቆረጣል፤ መንግሥት ያወጣውን በዚህ ይመልሳል።

ከቨርጂኒያ፦
ጋሼ፣ የኛንም ተናገር እንጂ! እዚህ ግብሩ በጠቅላላው ከኢኮኖሚው ሩብ ገደማ ነው፣ እናንተ ጋ ከ40 በመቶ በላይ። አሜሪካ ግን በሀብት ትበልጣችኋለች፣ በደመወዝም።

ከስቶክሆልም፦
እውነት ነው እህቴ። የጤና ኢንሹራንስና ዴይኬር ከተቀነሰስ?

ከቨርጂኒያ፦
እሱን ተወው። ዴይኬሩ ከቤት ኪራያችን በልጦ ሥራ ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ። ግብር አልከፍልም፣ ደመወዝም የለኝ።

ከስቶክሆልም፦
ለባለ ጥያቄው አንድ ነገር ረሳሁ። እንደደረስክ መጀመሪያ የምትሄደው ግብር ቢሮ ነው። ነዋሪ ሆነህ የምትመዘገበውም፣ የግል መለያ ቁጥር የሚሰጥህም እነሱ ናቸው። ያለ ቁጥሩ የባንክ ደብተር ማውጣትም ጭንቅ ነው።

ከጎንደር፣ ማራኪ፦
ወይ ጉድ! ከገማች አመለጥኩ ስል በቀጥታ ግብር ቢሮ ደጃፍ?