ረግረጉ ትናንት ሞልቶ ዛሬ ባዶ፤ እኔ አባርሬያቸው ይሆን?

የማለዳዋ፦
ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ረግረግ አለ። ወፎች ወደ ሰሜን የሚመለሱበት የጸደይ ወቅት ስለሆነ ከሥራ በፊትና በኋላ እዚያ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ጭቃው ላይ እግረ ረጃጅም ወፎች ቆጠርኩ፤ 31። አላስችል ብሎኝ እስከ ቄጠማው ተጠጋሁ። ጥቂቶቹ ብርር ብለው ተመልሰው ዐረፉ። ረቡዕ ጧት ሁለት ብቻ! ከዚያ ወዲህ እግሬን ስረግም ሰነበትኩ።

ከቀሩት አንዷ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ ነው፤ ቆማም ጭራዋን ከፍ ዝቅ ማድረግ አይሰለቻትም። ማን ትባላለች?

በዚያው ጧት ደግሞ ጓሮዬ ውስጥ አንዲት ቢጫ ወፍ ከመስኮቱ ተላትማ ወድቃ አገኘሁ። ውሃ በጠብታ ሰጠኋት፤ ከሰዓት በኋላ በረረች። ደግ አደረግሁ?

ቄጠማ ሥር፦
ማክሰኞ ማታ ነፋሱ ከየት ነበር? ቁልፉ እሱ ነው። እነዚህ ወፎች በአብዛኛው የሚጓዙት ሌሊት ነው፤ አየሩ ይረጋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጭልፊትም ተኝቷል። ነፋስ ከኋላ ሲገፋቸው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ይነሣሉ። (ሽመላ ግን ፀሐይ ካሞቀው መሬት በሚነሣ አየር ላይ ስለምትንሳፈፍ የቀን መንገደኛ ናት።) ስለዚህ አላባረሯቸውም። መጠጋቱን ግን አልወደድኩልዎትም፤ ለጉዞው ስብ በሚያጠራቅሙበት ሰዓት እያንዳንዱ ብርርታ ከስንቃቸው ይቀንሳል።

ጭራ ወዝዋዣዋ በሳይንሳዊ ስሟ አክቲቲስ ሃይፖሌውኮስ የምትባለው ትመስለኛለች። ስትበር ይዩአት፦ ውሃውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት፣ ክንፏን ሳታነሣ በአጭር በአጭሩ እያርገፈገፈች ከሆነ እሷው ናት። ደረቷና ሆዷ ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ግን የአሜሪካዋ ዘመዷ፣ አክቲቲስ ማኩላሪየስ ናት።

አሮጌው መነጽር፦
ልጄ፣ ውሃውን ተይው። የደነገጠች ወፍ ትታነቃለች። አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ አስገብተሽ ክዳኑን ዝጊ፤ ጨለማና ጸጥታ ይበቃታል። በየሰዓቱ እየከፈቱ ማየትም አያስፈልግም፤ እኔ ራሴ በዚህ ጉጉት ስንቷን አስጨንቄአለሁ።

መስኮቱን ግን ዛሬውኑ ተመልከቺው። ወፏ ያየችው መስታወት ሳይሆን በመስታወቱ ላይ የታየውን ዛፍ ነው። በውጭ በኩል፣ በየ5 ሴንቲሜትሩ ነጠብጣብ አድርጊበት። አንድ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ወፎቹ በጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ያዩና ይገቡበታል። ማታ የጓሮውን መብራት አጥፊ።

የማለዳዋ፦
ነፋሱ! ማክሰኞ ገመድ ላይ ያሰጣሁት አንሶላ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ሲውለበለብ ነበር፤ መቆንጠጫውን ሁለት ጊዜ ነው ያነሣሁት። ወፏም ዛሬ ውሃውን እየታከከች፣ ክንፏን እያርገፈገፈች ተሻገረች፤ ነጠብጣብ አላየሁባትም።

መስኮቱን በሳሙና ነጠብጣብ ሞላሁት። ባለቤቴ ፈንጣጣ የያዘው ቤት መሰለ ይለኛል።

አሁን አንሶላው ወደ ደቡብ ነው የሚውለበለበው። ሁለቱን ነገ ጧት አገኛቸዋለሁ መሰለኝ፤ ከቄጠማው ወዲህ ሆኜ።