ክርክር፦ በአቃቂ ወንዝ ውሃ አትክልት ማልማት ይከልከል?

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው ነው። ምክንያታችሁን አስቀምጡ፤ ስድብ አንቀበልም።

ነርሷ፦ ይከልከል። ሰላጣ ሳይበስል ነው የሚበላው። በዚህ ውሃ ውስጥ የሽንት ቤት ፍሳሽ አለ፤ ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚለቀቅ ክሮሚየም የሚባል መርዛማ ብረትም አለ። ጀርሙን እሳት ይገድለዋል፤ ክሮሚየሙን ግን የቱንም ያህል ብትቀቅሉት አይጠፋም። ገበሬውን ጠልቼ አይደለም።

የገበሬ ልጅ፦ እህቴ፣ ስለ ውሃው ያልሽው እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ተገልብጧል። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ፣ ትልቁ በምሥራቅ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ትንሹ አቃቂ ከላይ ገፈርሳ ላይ ተገድቦ ለከተማው መጠጥ ይሆናል። ያው ወንዝ እኛ ጋ ሲደርስ ጥቁር ነው። መሃል ላይ ማን ምን ጨመረበት? ጠዋት ቦዩን ስከፍት ነጭ አረፋ ተንሳፎ ይገባና መደቡ ላይ ይቀራል፤ ሲደርቅ አፈሩ ላይ ቅርፊት ይሠራል። እናቴ ቆስጣውን ቆርጣ በዚያው ውሃ አጥባ ታስራለች። የጣቶቿ መሃል ተሰነጣጥቋል። እሷን ከልክሎ የፋብሪካዎቹን የፍሳሽ ቱቦ መተው ፍትሕ ነው?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ልክ ነህ። በ1879 ዓ.ም ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ሲወርድ ከተማው የተቆረቆረው በእነዚህ ወንዞች መሃል ነው። እኔ ራሴ ቀበና ወንዝ ውስጥ ዋኝቻለሁ። ሁላችሁም የዘነጋችሁት ግን አንድ ነገር አለ። ከእንጦጦ ጀርባ የወደቀ ዝናብ ወደ አባይ ይሄዳል፤ በእኛ በኩል የወደቀው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይገባም። የቆቃን ግድብ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እዚህ የደፋነው ባሕር ገብቶ አይርቅም ማለት ነው፤ በመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፣ ሰው ይጠጣዋል። አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ለዘመናት ሥራ አቁሞ ኖሮ በ2009 ዓ.ም ታደሰ። ማመንጫውን አድሰን ውሃውን እንዲህ መተዋችን ያንገበግበኛል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ወንዙ እስኪጸዳ ስንት ዓመት ነው? እስከዚያ የሚታመመው ልጅስ?

የገበሬ ልጅ፦ ይህን ጥያቄ ማለፍ አልችልም። ውሃው የበከለው የእኛን ማሳ ብቻ አይደለም፣ የሰውንም ገበታ ነው። ሰላጣውን እንድንተወው ዛሬ ማታ እናቴን አነጋግራታለሁ፤ ጥሬ የሚበላ ነገር አንዘራም። ማሳውን ግን አንለቅም። የከተማው አስተዳደር የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ በየጊዜው ይለካ፣ ውጤቱንም እኛ በምናነበው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ቱቦው ይዘጋና ከዚያ ስለ ቦያችን እንነጋገር።