በአህያው ተረት ተቸግሬአለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ የአራተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ለልጆቹ የታወቀውን ተረት ነገርኳቸው፦ በድርቅ ዘመን አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ "ይህ የኃጢአታችን ቅጣት ነው" ብለው ይናዘዛሉ። ከብት የበሉት ሦስቱ "ተፈጥሯችን ነው" እየተባባሉ ይቅር ተባባሉ። ጌታው ከሰው ጋር ሲያወጋ ከመንገድ ዳር ሣር የነጨው አህያ ግን ተፈረደበትና ተበላ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አባቱ ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ልጅ ብቻ "ታዲያ ለምን ተናዘዘ? ዝም ቢል አይሻለውም ነበር?" አለኝ። መልስ አጣሁ። "እውነት መናገር መልካም ነው" እንዳልል ተረቱ ራሱ ይሞግተኛል። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ተመሳሳይ ተረት አህያውን አላተረፈውም፤ እኔ መጨረሻውን ለውጬ ላስመልጠው ማለት ደግሞ ልጆቹን ማታለል ይመስለኛል።

በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ያስተማራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ምን ብላችሁ መለሳችሁ? ልጆቹ ለአህያው ጠበቃ ሆነው ዳኞቹን እንዲሞግቱ ባደርግስ?