ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ሌሎቹን ይነክሳል፤ ምን ይሻላል?

ማራኪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ማራኪ ካለ የሕፃናት ማቆያ ነው የምጽፈው። ከዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ያሉ 12 ልጆች በአንድ ክፍል፣ ሞግዚቶቹ ሁለት። ሁለት ዓመት ያለፈው አንድ ልጅ ይነክሳል፤ ክንድና ጉንጭ ላይ ጥርሱ ታትሞ ይቀራል። ክረምት ስለገባ ግቢው ጭቃ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ናቸው። «መልሶ ተነክሶ ይቅመሰው» የሚል ወላጅ አለ፤ አንዷ ሞግዚት ደግሞ አፉን በርበሬ እናስነካው ባይ ናት።

ሞግዚት ከአዘዞ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ተዉት። ትልቅ ሰው ሲነክስ ያየ ልጅ «ጉልበት ያለው ይነክሳል» ብሎ ነው የሚይዘው። በርበሬው ደግሞ ከአፉ ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ዓይኑ ይሄዳል።

በዚህ ዕድሜ ንክሻ ከክፋት አይመጣም። «የኔ ነው»፣ «ሂድልኝ» ማለት ሲያቅተው ጥርሱ ይቀድመዋል። የኋላ መንጋጋ የሚወጣበትም ጊዜ ነው፤ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዛችሁ እንዲያኝክ ስጡት።

አንድ ደብተር ያዙ። በነከሰ ቁጥር ሰዓቱን፣ የክፍሉን ጥግ፣ አጠገቡ ማን እንደነበረና ልክ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ ጻፉ። ሲነበብ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ይከማቻል፤ ለምሳሌ 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ርቧቸው እጅ ለመታጠብ ተጣብቀው ሲቆሙ። በዚያች ሰዓት አንዷ ሞግዚት ክንዷ ከሚደርስበት አትራቅ። ሰውነቱ ሲገተር፣ አፉ ሲከፈት መዳፏን በመሃል ታግባና ቃሉን ታቀብለው፦ «ኳሱን ስጠኝ በል»። ከነከሰ በኋላ ከሚደረገው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ካመለጣችሁ መጀመሪያ ወደ ተነከሰው። ሁሉም ነካሹን ከከበበው ነገሩ ጨዋታ ይሆንለታል። ከዚያ በርከክ ብላችሁ፣ ዓይን ለዓይን፣ ድምፅ ሳትጨምሩ፦ «ሰው አይነከስም፤ ያማል።» በቃ። የሁለት ዓመት ልጅ ምክር አይሰማም። «ይቅርታ በል» ብሎ መጎተትም ከንቱ ነው፤ ይልቅ ለጓደኛው እርጥብ ጨርቅ ያምጣለት።

ነርስ ነኝ፦ ቁስሉ እንዳይረሳ። ቆዳው ካልተቀደደ በሳሙናና በውኃ ማጠብና ቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ ይበቃል። ከደማ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 5 ደቂቃ ያህል እጠቡና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ የሰው ንክሻ ቶሎ ያመረቅዛል። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ ምናምን አታድርጉበት። የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

ማራኪ፦ እናመሰግናለን። ጥግ ማስቀመጡስ? በዕድሜው ልክ ደቂቃ ይባላል።

ሞግዚት ከአዘዞ፦ ያ ከፍ ላለ ልጅ ነው። ትንሹ ቅጣቱን ከንክሻው ጋር አያገናኘውም፤ የሚያውቀው መባረሩን ብቻ ነው። ምንጣፍና ትራስ ያለበት ጸጥ ያለ ጥግ ይኑራችሁ፣ ግን ሞግዚቷ አብራው ትቀመጥ። «ጅብ ይበላሃል» ማለትም እዚያው ይቅር፤ የፈራ ልጅ የባሰ ይነክሳል።

አራዳ፦ እኔ ግን ጥፋቱን ከልጁ ይልቅ ከክፍሉ ነው የማየው። 12 ልጅ በክረምት፣ በአንድ ክፍል! በረንዳ ካላችሁ በተራ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ አውጡ፤ ጣሪያው ዝናብ ካላስገባ ይበቃል። የሚጣሉበት መጫወቻ ሁለት ተመሳሳይ ይሁን፣ አንድ ብቻ ከሆነ መደርደሪያ ላይ ይውጣ። እጅ መታጠቢያው ላይ ሰልፍ አታሰልፉ፤ ሁለት ሁለት እየጠራችሁ፣ የቀሩት እያጨበጨቡ ይዘምሩ።

ለወላጅ ደግሞ የነካሹን ስም አትንገሩ። ለተነከሰው እናት መቼ፣ የት ላይ፣ ምን እንደተደረገለት። ለነካሹ እናት ለብቻዋ፣ በር ላይ ሌሎች ቆመው ሳይሆን። ቅጣት የሚጠይቅ ከመጣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማትም የአካል ቅጣትን ይከለክላልና ለሞግዚቶቻችሁም አንብቡላቸው።