በአባላት ቤቶች የሜሽ ዋይፋይ ሳጥኖችን በኬብል ስለማገናኘት፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ አብረን እንድናበስለው ረቂቁን ከፍቻለሁ። አብዛኞቻችን የፋይበር መስመር ካስገባን በኋላ ለምድር ቤትና ለፎቅ የሚሆኑ የሜሽ ሳጥኖች (ዋይፋዩን እርስ በርስ እየተቀባበሉ በቤቱ ሁሉ የሚያዳርሱ ዕቃዎች) ገዝተናል፤ ይሁን እንጂ ከሞደሙ አጠገብ የምናገኘው ፍጥነት ፎቅ ላይ ሲደርስ ይሟጠጣል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አባሎቻችን ከቤት ሆነው በቪዲዮ ሲሰበሰቡ ድምፁ እየተቆራረጠ መቸገራቸውን ደጋግመው ነግረውናል። የረቂቁ ሐሳብ ሳጥኖቹ እርስ በርሳቸው በኬብል እንዲገናኙና ኬብሉንም ማኅበሩ በጋራ እንዲገዛ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡን አልቃወምም። ነገር ግን ገመድ አያስፈልገውም ተብለው ለገዙት ዕቃ አሁን ገመድ ግዙ ስንላቸው፣ አባላት ምክንያቱን በግልጽ ማወቅ አለባቸው። አንድ ሳጥን መጨመር አይቀልም ወይ?

የኔትወርክ ሙያ ያላቸው አባል፦
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም በረቂቁ መግቢያ ላይ ቢሰፍር እመርጣለሁ። ሁለተኛው ሳጥን ከመጀመሪያው የሚቀበለውን መረጃ ለስልካችን የሚያቀብለው በዚያው ሬዲዮ (የሞገድ መላኪያና መቀበያ ክፍል) ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ መቀበልም ማቀበልም ስለማይችል ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከእሱ ቀጥሎ ሦስተኛ ሳጥን ሲገባ የተረፈውም እንደገና ይቀነሳል። ለሳጥኖቹ መገናኛ ብቻ የተለየ ሬዲዮ ያላቸው ዓይነቶች የተሻሉ ናቸው፤ ሆኖም የእነሱም ሞገድ በቤቶቻችን ፌሮ የታሰረበትን ሶሌታና የብሎኬት ግድግዳ ማለፍ ስላለበት ይዳከማል። በአንጻሩ ደረጃውን የጠበቀ ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ያስተላልፋል፤ የዋይፋይ ሞገዱም ሙሉ በሙሉ ለስልኮቻችንና ለኮምፒውተሮቻችን ይተርፋል።

በጋራ መግዛቱን አጥብቄ የምደግፈው በጥራቱ ምክንያት ነው። በርካሽ ከሚሸጠው ኬብል ብዙው መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሲሆን፣ ቶሎ ይሰበራል፤ በረጅም ርቀትም ሲግናሉን ያዳክማል። አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጎ ውስጡ ነጭ መሆኑን ማየት ለመለየት ይበቃል። ደህናው ኬብል አብዛኛውን ጊዜ በ305 ሜትር ካርቶን ስለሚመጣ ለአንድ ቤት ይበዛል፤ ለብዙ ቤት ግን ይከፋፈላል። የኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) መጨመቂያውና የመስመር መፈተሻውም እንዲሁ አንድ አንድ ተገዝቶ ለሁሉም ይበቃል። መፈተሻውን እንደ ትርፍ ወጪ አንቁጠረው፤ ከስምንቱ ክሮች አንዱ በኮኔክተሩ ውስጥ በደንብ ካልተቆነጠጠ መስመሩ ሳይቋረጥ ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ጥፋቱን ከሳጥኑ ወይም ከፋይበሩ ሲፈልግ ይከርማል።

ሰርቪስ ቤት ያላቸው አባል፦
በረቂቁ ላይ ስለ ግቢ አልተጠቀሰም። እኔ ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤቱ ኬብሉን በአየር ላይ ልዘረጋ አስቤ ነበር።

የኔትወርክ ሙያ ያላቸው አባል፦
እትዬ፣ እባክዎ ይህን አያድርጉ። የጅማ ዝናብና መብረቅ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በሁለት ሕንጻዎች መካከል የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ግፊቱን ተሸክሞ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ዕቃዎች ሊያቃጥል ይችላል። ለእንዲህ ያለው መስመር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ፋይበር፣ በሁለቱም ጫፍ የብርሃኑን ሲግናል ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጥ መቀየሪያ ጋር፣ በኮንዲዩት (የሽቦ ማስገቢያ ቱቦ) ውስጥ ተቀብሮ ቢገባ ይሻላል። በዋናው ቤት ውስጥም ኬብሉ የመብራት ሽቦ ባለበት ኮንዲዩት ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ በረቂቁ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን ገባኝ። ታዲያ የሁሉም ሰው ሳጥን ኬብል ይቀበላል?

የኔትወርክ ሙያ ያላቸው አባል፦
ሁሉም አይቀበልም፤ ስለዚህ ከግዢው በፊት መታየት አለበት። አንዳንዱ የፎቅ ሳጥን የኬብል ፖርት ጭራሽ የለውም፤ አንዳንዱ ደግሞ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ዋናው ሳጥን ከሞደሙ ጋር ከተያያዘ በኋላ ሌሎቹ፣ ከተቻለ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኬብል ከእሱ ወይም ከእሱ በኋላ ከተቀመጠ ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ ኬብሎች ከሚያከፋፍል ዕቃ) ጋር ይገናኙ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
በአስተያየታችሁ መሠረት አንቀጹን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ንጹሕ የመዳብ ካት 6 ኬብል፣ አንድ የኮኔክተር መጨመቂያና አንድ የመስመር መፈተሻ በጋራ ይገዛል፤ እያንዳንዱ አባል በወሰደው ሜትር ልክ ይከፍላል፤ እያንዳንዱ መስመር ተፈትሾ 1 ጊጋቢት ማስተላለፉ ሳይረጋገጥ ሥራው ተጠናቀቀ አይባልም፤ በሕንጻዎች መካከል የመዳብ ኬብል አይዘረጋም።» ተቃውሞ ከሌለ፣ የኬብሉ መንገድ በኮርኒስና በግድግዳ ጥግ ሲሄድ ስንት ሜትር እንደሚሆንና የሳጥናችሁን ሞዴል እስከ እሑድ ላኩልኝ፤ የካርቶኑን ብዛት የምንወስነው እሱን ደምረን ነው።