ግሬድ ዓይነት ነው እንዴ?

የሂርማታው ልጅ፦ ትናንት ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንዱ «የጅማ ቡና ዓይነቱ ግሬድ 5 ነው» ሲል ሰምቼ እስካሁን አልበረደልኝም። ግሬድ ዓይነት አይደለም! አገር ግሬድ አይወጣለትም፣ ለመጣው ጭነት ነው የሚወጣው

ቡና አቅራቢ፦ ወንድሜ ገበያ ገብተህ ታውቃለህ? ገዢው «ጅማ 5 አለህ?» ነው የሚለኝ። ውጭ አገርም በዚሁ ነው የሚያውቁት፣ አንድ ቃል ሆኗል

የሂርማታው ልጅ፦ «አንድ ቃል ሆኗል» ስላልክ ልክ ይሆናል እንዴ? ያልታጠበ፣ ማለት በደረቁ የወጣ ቡና እኮ ከነጥቡ 40 ከመቶው በጥሬው ነው፣ እንከኑና ሽታው ታይቶ፣ 60ው በቅምሻ ነው፣ ከዛ ነው ከ1 እስከ 9 የሚሰጠው፣ 1 ምርጡ ሆኖ። ገበሬው ቀይ ቀዩን ለቅሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ አሳምሮ ካደረቀው ያው የጅማ ቡና ከ5 በላይ ይወጣል

መምህርት፦ ግሬድ ከላቲን የመጣ ነው፣ እርከን ማለት ነው፣ የኛም ደረጃ ያው መወጣጫው ነው። ግን ተማሪ ግሬድ 9 ሲባል ከ8 በላይ ነው ቡና ላይ 9 መጨረሻ፣ ልጆቹ ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም

ልብስ ተራ፦ እኛ ጋ ደሞ ግሬድ ኤ ማለት ኮፒ ሆኖ ጥሩው ነው

መምህርት፦ እሱን ኦሪጅናል ብላችሁ ስትሸጡት ነው እኔን የሚያናድደኝ

ልብስ ተራ፦ እኔ እንደዛ ብዬ ሸጬ አላውቅም እህቴ

ቡና አቅራቢ፦ ልብሱን ተዉትና 74110 የሚባለው ቡናስ? ቁጥር ነው ግን ዓይነት ነው

የሂርማታው ልጅ፦ እሱ ዝርያ ነዋ! 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ 1974። ከ74112 ይበልጣል ያንሳል ማለት አይደለም። ጅማ 5 ስትል ግን ከላዩ 4 እርከን አለ እያልክ ነው

የጎማ ልጅ፦ ዋናውን ማንም አላነሳውም። የኛ የጎማ ወረዳ ቡና ታጥቦ ሲወጣ ሊሙ ይባላል በደረቁ ሲወጣ ጅማ። ሊሙ ራሱ ጅማ ዞን ነው እኮ! ጥሩ ስሙን ለሊሙ ሰጥታችሁ 5ቷን ለጅማ አስቀራችሁ፣ አባቴ እዛው መሬት ላይ ነው የሚለፋው

ቡና አቅራቢ፦ ስሙን እኔ አላወጣሁም። ግን አንድ ቃል ሆኗል ያልኩትን አልመልስም

የሂርማታው ልጅ፦ እኔም አልተውህም፣ ግሬድ ከስም ጋር አይጣበቅም